በ1988ቱ የሜታሊካ አልበም ቤዙ የት ገባ? እናንተስ የራሳችሁን እንዴት ትጠብቁታላችሁ?

የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው፦ «አራት ሆነን የመጀመሪያ የሄቪ ሜታል አልበማችንን ልንቀዳ ነው። ጊታሪስታችንና ቤዚስታችን መነጋገር እያቃታቸው መጥቷል። የሜታሊካ ‹ኤንድ ጀስቲስ ፎር ኦል› ላይ ቤዙ የማይሰማው አዲሱን ቤዚስት ለመቅጣት ነው ሲባል ሰምተናል። እውነት ነው? እኛ ላይ እንዳይደርስስ ምን እናድርግ?»

ቂም ብቻውን ቤዝ አያጠፋም። ጊታሩ አስቀድሞ የቤዙን ቦታ ይዞ ከጠበቀ፣ የሚያዳምጡት ጆሮዎች ከደከሙ፣ ባለ መሣሪያው ክፍሉ ውስጥ ከሌለና «ተዉ» የሚል ሰው ከጠፋ ግን ትንሽ ቂም ይበቃል። በዚያ አልበም ላይ ሁሉም ተገጣጠሙ። ስለዚህ ታሪኩን በቅደም ተከተል ማየት ይጠቅማችኋል፤ ቤዙን ማዳን የሚቻልባቸው ብዙ አጋጣሚዎች አንድ በአንድ እንዴት እንዳመለጡ ይታያል።

ቤዚስቱ ክሊፍ በርተን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 27 ቀን 1986 ስዊድን ውስጥ የባንዱ አውቶቡስ ተገልብጦ ሞተ። ዕድሜው 24 ነበር። በወሩ ጄሰን ኒውስተድ ከፍሎትሳም ኤንድ ጄትሳም ባንድ መጥቶ ተተካ፣ ቱሩም ቀጠለ። በእኛ አነጋገር ለቅሶ ሳይቀመጡ ሥራ ገቡ ማለት ነው። ኀዘኑ መውጫ ሲያጣ በአዲሱ ሰው ላይ ዞረ፤ ያላግጡበት፣ የምግብና የመጠጥ ሂሳባቸውንም በእሱ የሆቴል ክፍል ያስመዘግቡበት እንደነበር ራሳቸው በኋላ ደጋግመው ተናግረዋል። በ1987 ባወጡት አጭር የድጋሚ ዘፈኖች ቅጂ ላይ እንኳ ስሙ «ኒውኪድ» ተብሎ ነው የሰፈረው። ያንን ቅጂ ግን አዳምጡት። ቤዙ ጥርት ብሎ ይሰማል። ሰውዬው ያው ነው፣ ፌዙም ያው ነው፣ ልዩነቱ አንድ ዓመት ብቻ ነው። «ጠሉትና አጠፉት» የሚለው ማብራሪያ ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው።

አልበሙ የተቀዳው ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ሜይ መጀመሪያ 1988 ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ዋን ኦን ዋን ስቱዲዮ ነው። መጀመሪያ በፕሮዲዩሰርነት የተቀመጠው የገንስ ኤን ሮዝስን የ1987 አልበም የሠራው ማይክ ክሊንክ ነበር፤ ስላልተግባቡ የቀደሙትን ሁለት አልበሞች የሠራላቸው ዴንማርካዊው ፍሌሚንግ ራስሙሰን ተጠራ። የአሠራር ልማዳቸው ድምፃዊውና ጊታሪስቱ ጄምስ ሄትፊልድ ከድራመሩ ከላርስ ኡልሪክ ጋር ድራሙንና የሪትም ጊታሩን አብጠርጥሮ ከጨረሰ በኋላ ሌላው እንዲደርብ ነበር። ኒውስተድ ድርሻውን የቀዳው ከረዳት ኢንጂነሩ ጋር ለብቻው ነው። አጠገቡ «እዚህ ጋ ከጊታሩ ተለይ፣ እዚህ ጋ ኪኩን (በእግር የሚመታውን ትልቁን ድራም) ተከተል» የሚለው ፕሮዲዩሰር አልነበረም። እሱም ማንም አዲስ ሰው የሚያደርገውን አደረገ፤ የሄትፊልድን ሪፍ (እየተደጋገመ የሚመጣውን የጊታር ሐረግ) ኖታ በኖታ፣ ፒክ በፒክ ተከተለ።

የችግሩ ግማሽ እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው። የጊታር ወፍራሙ ክር በመደበኛ ቅኝት 82 ኸርዝ ገደማ ነው (በሰከንድ 82 ጊዜ ይርገበገባል)፤ የቤዙ ግማሹ፣ 41 ኸርዝ ነው። ወረቀት ላይ አይጋጩም። ነገር ግን ትንንሽ ስፒከሮች 41 ኸርዝን አያወጡም፣ ጆሯችንም እንዲህ ዝቅ ላለ ድምፅ ደካማ ነው። ቤዝ «ሰማን» የምንለው በአብዛኛው ከ80 ኸርዝ ጀምሮ እስከ 1 ኪሎ ኸርዝና ከዚያም በላይ ያለውን ተከታይ ድምፁን (ከዋናው ኖታ በላይ አብሮት የሚፈጠረውን) ነው። አሁን የሄትፊልድን የዚያን ጊዜ የጊታር ድምፅ አስቡ፤ መካከለኛው ተቆርጦ ወጥቷል፣ ታችና ላይ ተነፍቷል። በመዳፍ ታፍኖ የተመታ ሪፍ በትልቅ ካቢኔት ሲወጣ ከ100 እስከ 150 ኸርዝ መካከል «ዱም» የሚል ግፊት ያመነጫል፤ ያ ግፊት በግራና በቀኝ ተደርቦ ሲቀዳ ደግሞ ግድግዳ ይሆናል። በዚህ ግድግዳ ላይ ያንኑ ምት፣ ያንኑ ኖታ፣ በዚያው ቅጽበት የሚመታ ቤዝ ጨምሩበት። ጆሮ ሁለቱን የሚለይበት ምክንያት የለውም፣ አንድ ወፍራም ጊታር አድርጎ ይሰማቸዋል። ሄትፊልድ ራሱ በኋላ የሰጠው ማብራሪያ ይኸው ነው፤ ቤዙ የእሱን ሪፍ ይደግማል፣ የእሱ ጊታር ደግሞ የታችኛውን ድምፅ በልቶታል።

የክራር ቡድን ያዳመጠ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። ቤዝ ክራሩ የሚሰማው ጮኸ ተብሎ አይደለም፤ መሪው ክራር ሲራወጥ እሱ የራሱን አጭር ዙር ይዞ ስለሚቆም ነው።

ሚክሲንጉ፣ ማለትም የተቀዱትን ድምፆች ማደባለቁ፣ የተሠራው ኒው ዮርክ ግዛት ቤርስቪል ስቱዲዮ፣ በስቲቭ ቶምፕሰንና በማይክል ባርቢየሮ እጅ ነው። ራስሙሰን አልነበረም። ኒውስተድም አልነበረም። ባንዱ በዚያው ሰሞን ከቫን ሄለንና ከስኮርፒየንስ ጋር በትልልቅ ስታዲየሞች የሚዞር ቱር ላይ ነበር፤ ሄትፊልድና ኡልሪክ በትርኢቶች መካከል እየበረሩ ይመጡና ያዳምጡ ነበር። ቶምፕሰን እንደሚተርከው፣ ኡልሪክ ቤዙ በጭንቅ እስኪሰማ ድረስ እንዲወርድ ጠየቀ። ከወረደ በኋላ እንደገና 5 ዲሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) አውርደው አለ። 5 ዲሲቤል ትንሽ ይመስላል፤ የሲግናሉ ቁመት ወደ 56 በመቶ ይወርዳል ማለት ነው። አስቀድሞ በጭንቅ ለሚሰማ ነገር ያ መጨረሻው ነው። ራስሙሰን ግን የኒውስተድን ትራኮች ለብቻቸው ከሰሙት ጥቂት ሰዎች አንዱ እንደሆነና አጨዋወቱ ግሩም እንደነበረ ይመሰክራል። በቅጂው ላይ ጉድለት አልነበረም።

የጆሮው ነገር በወሬው ውስጥ ይረሳል፣ እኔ ግን ከባድ ቦታ እሰጠዋለሁ። ከኃይለኛ ትርኢት የወጣ ጆሮ መጀመሪያ የሚደነዝዘው ከ3 እስከ 6 ኪሎ ኸርዝ ባለው ክልል ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሚክስ ላይ ሲቀመጥ ሁሉም ነገር ደብዛዛ ይመስለዋል፣ «ጥርት አድርገው» ይላል፣ የኪኩ «ጠቅ» ይጨመራል፣ የጊታሩ ስለት ይጨመራል። በአንጻሩ ወፍራም የሆነው ሁሉ መንገድ የዘጋ ይመስለዋል። ከዚያ አልበም ደረቅ፣ ጠቅ ጠቅ የሚል ድራም ጋር አስተያዩት፤ ይገጥማል።

አንድ የተሳሳተ ማብራሪያ ላንሳ። «በሸክላ እንዲገባ ብለው ነው ቤዙን የቀነሱት» የሚሉ አሉ። የ65 ደቂቃው አልበም በሁለት ሸክላ ነው የወጣው፤ በአንድ ገጽ በአማካይ 16 ደቂቃ ግድም ነው፣ ለቤዝ ጠባብ አይደለም። በ2018 በድጋሚ ማስተር ሲደረግም ቤዙ አልተመለሰም፤ ማስተሪንግ የሚሠራው ተቀላቅሎ ባለቀ የግራና የቀኝ ድምፅ ላይ ስለሆነ 100 ኸርዝን ከፍ ብታደርጉ ጊታሩና ኪኩ አብረው ይነሳሉ። ይህን ለራሳችሁም ያዙት፤ ሚክስ ላይ የጠፋ ቤዝ ማስተሪንግ ላይ አይገኝም።

ቀጣዩ አልበማቸው ዋናውን ፍንጭ ይሰጣል። ከኦክቶበር 1990 ጀምሮ እዚያው ስቱዲዮ ገቡ፤ ፕሮዲዩሰሩ ቦብ ሮክ ነበር። ሰላም ወረደ እንዳትሉ፤ ከፕሮዲዩሰሩ ጋር በየቀኑ ይጨቃጨቁ ነበር፣ ሚክሱ ሦስት ጊዜ ተሠራ፣ ከአራቱ የሦስቱ ትዳር በዚያው ሰሞን ፈረሰ። ቤዙ ግን ይሰማል፣ ያውም በግርማ። የተለወጠው አሠራሩ ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ተጫወቱ፣ ቤዙ ከጊታሩ ይልቅ ከድራሙ ጋር ተጣመረ፣ «አይሆንም» የሚል የውጭ ሰውም ተቀመጠ። የእናንተ ጊታሪስትና ቤዚስት እስኪታረቁ መጠበቅ አያስፈልጋችሁም። አሠራሩን አስተካክሉ።

ከሪፉ ጀምሩ። ስቱዲዮ ከመግባታችሁ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀደም ብላችሁ እያንዳንዱን ዘፈን በስልክ ቅዱና ቤዙ ከጊታሩ ጋር ፍጹም አንድ የሆነባቸውን ቦታዎች ምልክት አድርጉ። አንድ መሆኑ የሚያምርባቸው ቦታዎች አሉ፣ በተለይ ሁሉም አብሮ ቆሞ አብሮ የሚመታባቸው። ከግማሽ በላዩ እንዲህ ከሆነ ግን ቀይሩ። ቀላሉ መንገድ ጊታሩ በአሥራ ስድስተኛ ኖታ ሲጋልብ ቤዙ ስምንተኛ እንዲመታ ወይም መሠረታዊውን ኖታ ይዞ እንዲቆም ማድረግ ነው። ቤዚስቱ ልምምድ ላይ የሚቆመው ከድራመሩ አጠገብ፣ ኪኩን እያየ ይሁን። ከጊታሪስቱ ጋር ያለው ፍጥጫም በዚሁ ይቀንሳል፣ ምክንያቱም የሥራ ጓደኛው ሌላ ሰው ሆነ።

ቅኝት ላይ አትቀልዱ። የቤዙ የመጀመሪያ ተከታይ ድምፅ 82 ኸርዝ ላይ ከጊታሩ ጋር ይገናኛል፤ በመካከላቸው 10 ሴንት (የግማሽ ድምፅ አንድ አሥረኛ) ልዩነት ካለ በየሁለት ሰከንዱ አንዴ የሚያበጥና የሚሟሽሽ ሞገድ ይፈጠራል። ሰሚው ቅኝቱ መበላሸቱን ላያውቅ ይችላል፣ ታቹ «ይዋልላል» ነው የሚለው። ክር ሲመታ በመጀመሪያው ቅጽበት ከፍ ስለሚል፣ ቅኝቱ ቤዚስቱ በሚመታበት ኃይል ልክ መታ ተደርጎ ይስተካከል እንጂ በለስላሳ ጣት አይሁን። ቤዙ ከቅጂው አንድ ቀን በፊት አዲስ ክር ይግባለት፣ ኢንቶኔሽኑ (በየፍሬቱ ቅኝቱን መጠበቁ) በ12ኛው ፍሬት ይፈተሽ፣ ከየትራኩ በፊት ይቃኝ። ወደ ታች የምትቃኙ ከሆነ ወፍራም ክር ግዙ፤ የላላ ክር ከፍሬቱ ጋር ሲንጋጋ የትኛውም ኢኪው (የታቹን፣ የመካከሉንና የላዩን ድምፅ ለየብቻ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ) አያስተካክለውም።

የጊታሩን ድምፅ ቤዙ እየተጫወተ ምረጡ። ብቻውን የሚያስደንቅ የጊታር ድምፅ ከባንዱ ጋር ሲገባ ብዙውን ጊዜ ሆዳም ነው። የአምፑን መካከለኛ ወደ ዜሮ አታውርዱት፤ ከ10 ውስጥ ከ4 እስከ 6 ባለው ያዙት። ጌይኑን (ዲስቶርሽኑን፣ ማለትም የድምፁን ሻካራነት፣ የሚያበዛውን ቁልፍ) ጊታሪስቱ ከሚወደው ቦታ አንድ ሦስተኛ ያህል ቀንሱ፤ በግራና በቀኝ ሲደራረብ የተቀነሰው ዲስቶርሽን ተመልሶ ይመጣል፣ ፒኩ ግን ጥርት ብሎ ይቀራል። እዚህ ላይ ጊታሪስቱ «ድምፄን ገደላችሁት» ማለቱ አይቀርም። አትከራከሩት። ሁለቱንም ቅዱ፣ ከሙሉ ባንዱ ጋር በእኩል ከፍታ አጫውቱለትና የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነገረው ይምረጥ።

ቤዙን በሁለት መንገድ ቅዱ፤ አንዱ በዲአይ ቦክስ (ያለ አምፕ ቤዙን በቀጥታ ከመቅጃው ጋር በሚያገናኝ ሳጥን) ንጹህ፣ ሌላው በአምፕና በማይክ። ዲአዩ የዋስትና ወረቀታችሁ ነው፤ አምፑ ቢበላሽ፣ ድምፁ ባይወደድ እንደገና በአምፕ ማሳለፍ ይቻላል። የማይኩ ድምፅ ግን አየር ውስጥ ስለሚጓዝ ይዘገያል፤ ማይኩ ከስፒከሩ 34 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ አንድ ሚሊ ሰከንድ ነው። በእኩል መጠን ከዲአዩ ጋር ሲቀላቀሉ 500 ኸርዝ አካባቢ ይጠፋፋሉ፤ ያ ደግሞ ቤዙ በጊታር መካከል የሚታወቅበት ክልል ነው። የሁለቱን ሞገድ በስክሪን አጉልታችሁ የመጀመሪያውን ጫፍ አስተካክሉ፤ ከዚያ የፖላሪቲውን ቁልፍ (ሞገዱን ላዩን ታች የሚያደርገውን) ገልብጡና ታቹ የሚሞላበትን ጎን ምረጡ። ብዙ «የሳሳ ቤዝ» መድኃኒቱ ይህ አንድ ቁልፍ ነው።

ሚክስ ላይ የሚሠራው ዘዴ ቤዙን ሁለት ቦታ መክፈል ነው። ዲአዩን ኮፒ አድርጉ። የመጀመሪያው ከ200 ወይም ከ250 ኸርዝ በላይ ያለው ይቆረጥ፣ የድምፁን ከፍና ዝቅ በሚያጠብብ ኮምፕሬሰር በ4 ለ1 ሬሾ እስከ 6 ወይም 8 ዲሲቤል ይጨመቅ፤ ሥራው ሳይነቃነቅ ወለል መሆን ነው። ሁለተኛው ከዚያ በታች ያለው ይቆረጥ፣ ዲስቶርሽን ይግባበት፣ ከ700 ኸርዝ እስከ 1.5 ኪሎ ኸርዝ ባለው ከፍ ይበል፤ ሥራው በስልክ ስፒከርም መሰማት ነው። ማጣሪያዎቹ ራሳቸው የሞገዱን የጊዜ አሰላለፍ ስለሚያዛቡ ሁለቱን ከደባለቃችሁ በኋላ ፖላሪቲውን ዳግም ፈትሹ። ጊታሩ ላይ ከ80 እስከ 100 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ፤ በታፈኑት ምቶች ጊዜ ብቻ ደግሞ ከ100 እስከ 160 ኸርዝ ባለው ሦስት ዲሲቤል ያህል የሚቀንስ ዳይናሚክ ኢኪው አድርጉ። ጊታሩን ሁልጊዜ ከቆረጣችሁት ይሳሳል፣ ስለዚህ በሚያብጥበት ጊዜ ብቻ። ኪኩና ቤዙ መሬቱን ይከፋፈሉ፤ ኪኩ 60 ኸርዝ ላይ ከተቀመጠ ቤዙ 90 አካባቢ ይጉላ፣ ወይም ተገላቢጦሽ።

የድምፅ ከፍታው ድምፅን ከፍ አድርጎ መነጋገር የሚቻልበት፣ ማለትም 80 ዲሲቤል ገደማ ይሁን። ዝቅ አድርጋችሁ ስታዳምጡ ቤዝ የቀነሰ እንደሚመስልና ከፍ ስታደርጉ የበዛ እንደሚመስል አትርሱ፤ ስለዚህ አንድ ቦታ ምልክት አድርጋችሁ እዚያው ቆዩ። በየሰዓቱ አሥር ደቂቃ ዕረፍት ይኑር። ትርኢት በነበራችሁ ማግስት ሚክስ አይሠራም፤ በአንድ የታወቀ የሥራ ጤንነት መለኪያ 100 ዲሲቤል ላይ በቀን የሚመከረው 15 ደቂቃ ብቻ ነው፣ የሮክ መድረክ ደግሞ ከዚያ ያልፋል። መጨረሻ ላይ በአንዲት ትንሽ ስፒከር፣ በሞኖ፣ በዝቅተኛ ድምፅ አጫውቱና የቤዙን ዜማ በአፋችሁ ለማንጎራጎር ሞክሩ። ከጠፋችሁ ሚክሱ አላለቀም።

አሁን ወደ ጸቡ። ስቱዲዮ ከመግባታችሁ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ጻፉና አራታችሁም ፈርሙ። አንደኛ፣ የዘፈኖቹ የደራሲነት ድርሻ በመቶኛ። ኒውስተድ በዚያ አልበም ላይ «ብላክንድ» በሚለው መክፈቻ ዘፈን ብቻ ነው በደራሲነት ስሙ የሰፈረው፤ የእናንተም ክፍፍል እኩል ላይሆን ይችላል፣ ነገር ግን ከቅጂው በፊት ይታወቅ። ሁለተኛ፣ የማንም መሣሪያ ከፍታ ባለቤቱ ክፍሉ ውስጥ ሳይኖር ከ1 ዲሲቤል በላይ አይነካም። መምጣት ካልቻለ ፋይሉ ይላክለትና አንድ ቀን ይጠበቅ። ሦስተኛ፣ ስትጋጩ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ከባንዱ ውጭ የሆነ አንድ ሰው ነው፤ ስሙ ይጻፍ። ሚክሱን የሚሠራው ኢንጂነር ራሱ ሊሆን ይችላል፣ ግን ክፍያው በጊታሪስቱ ኪስ ብቻ አይሁን፤ የሚከፍለውን ሰው እምቢ ማለት ከባድ ነው። ቤርስቪል ላይ የነበሩት ባለሙያዎች ታዋቂዎች ነበሩ፣ ቢሆንም ያዘዛቸው ደንበኛቸው ነው።

የሰዓት ገደብም ጻፉ። ኒውስተድ በጃንዋሪ 2001 ከለቀቀ በኋላ በተሠራው አልበም ወቅት ሄትፊልድ ከሕክምና ሲመለስ ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት ብቻ እንደሚሠራ፣ ሌሎቹም እሱ በሌለበት የተቀዳውን እንዳያዳምጡ ጠየቀ። ባንዱን ያናጋው ሁለተኛው ክፍል ነበር። የሥራ ሰዓት መወሰን ጥሩ ነው፤ ሌላው እንዳያዳምጥ መከልከል ግን የሚያዛልቅ አይደለም። ስለዚህ የእናንተ ደንብ፦ ማዳመጥ ለሁሉም ክፍት፣ መለወጥ ግን አብሮ።

ከእያንዳንዱ ዘፈን ቢያንስ አራት ሚክስ አውጡ፤ ዋናውን፣ ቤዙ 1.5 ዲሲቤል ከፍ ያለበትን፣ ድምፃዊው 1 ዲሲቤል ከፍ ያለበትን፣ ያለ ድምፃዊ ያለውን። በኮምፒውተር ሥራው ጥቂት ደቂቃ ነው። ለሳምንት ተለያይታችሁ ካዳመጣችሁ በኋላ ክርክሩ «ቤዝ ይጨመር አይጨመር» መሆኑ ቀርቶ «ሁለተኛው ወይስ አንደኛው» ይሆናል፣ ያ ደግሞ ሰው ሳይዋረድ የሚያልቅ ክርክር ነው። የየመሣሪያውን ትራክ ከዘፈኑ መነሻ ጀምሮ ሙሉውን አውጥታችሁ በሁለት ሃርድ ዲስክ አስቀምጡ፤ አንዱ ከቤዚስቱ ዘንድ ይሁን።